የዘመናይ እንቅልፍና የእንግዳው አልጋ

ምንዳዬ ሚስቱን ተኝታ አይቷት አያውቅም ነበር ቢባል ማንም አያምንም። ሃያ አምስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ያደረ ሰው እንዴት ሚስቱ ስትተኛ አያይም? ግን እውነቱ ይኸው ነው። እሱ ሲተኛ ዘመናይ ገና ወጥ ቤት ናት፤ እሱ ሲነቃ እሷ ቀድማ ተነሥታለች። በመሃል ድንገት ዓይኑን ቢገልጥ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ነው የሚያገኛት።

"ምነው፣ አልተኛሽም?" ይላታል።

"ነገ ሰው ቢመጣ ቤት ውስጥ ምንም የለም እኮ" ትለዋለች።

ሰው አይመጣም። ማንም እመጣለሁ አላለም። ግን ቢመጣስ?

ዘመናይ ከሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ሴንት ፖል ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። ሥራዋ የሰው አልጋ ማንጠፍ፣ ሰውን አልጋው ላይ ማገላበጥ፣ ከዚያም በየክፍሉ እየዞሩ ማን ተኛ ማን አልተኛም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታስተኛ ትውልና ቤቷ ስትገባ እንቅልፍ የሚባል ነገር ዞር ብሎ አያያትም። ወገቧም ከያዛት ቆይቷል። ሐኪም ኪኒን አዘዘላት፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩላት፤ ልጇ ሆሳዕና ደግሞ ስልኳ ላይ የባህር ሞገድ ድምፅ የሚያሰማ አፕ ጫነችላት። ከሁሉም የባሰው አፑ ነበር። ዘመናይ ውሃ ሳልዘጋ ቀረሁ እያለች ሌሊቱን ሙሉ ከቧንቧ ቧንቧ ስትዞር አደረች።

አልጋው ራሱ ከጥፋቱ ድርሻ አለው። ሆሳዕና ሳትወለድ የገዙት ነው፤ የፍራሹ መሃል ጎድጉዷል። ባልና ሚስቱ በየዳርቻቸው ይጋደሙና ትንሽ ቆይተው ሁለቱም ተንከባልለው መሃል ላይ ይገናኛሉ። ምንዳዬ ይህን እንደ ፍቅር ቆጥሮት ዓመታት ኖሯል። ዘመናይ ምን ብላ እንደቆጠረችው ግን ጠይቋት አያውቅም።

እሱም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም። ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ቤቱ ካለበት ከብሩክሊን ፓርክ እዚያ ድረስ በዚያ ሁሉ በረዶ እየተመላለሰ አንድ ቀን አርፍዷል የሚል ሰው የለም። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ሬስቶራንት አይወድም። ቤቱ ምድጃ ያለው ሰው ውጭ ወጥቶ የሚበላው ምን ሆኖ ነው ባይ ነው።

ሆሳዕና ሚኒያፖሊስ መሃል ከተማ አፓርትመንት ይዛ ብቻዋን የምትኖር፣ ደህና ሥራ ያላት ልጅ ናት። ወላጆቿ ሃያ አምስተኛ ዓመት ጋብቻቸውን ሲያከብሩ ፍሎሪዳ ባህር ዳርቻ ላይ ፔሊካን ሾር የሚባል ሆቴል ያዘችላቸው።

"ማም ስሊፕ ያስፈልጋታል፣ ዳድ" አለችው። "ፍላይቱም ሩሙም ተከፍሏል። ጀስት ጎ።"

የምግቡን ነገር አላነሣችም። ምንዳዬም አልጠየቀም። አልጋ የሰጠ ሰው ቁርስ ያስከፍላል ብሎ ማሰብ አልሆነለትም። ባደገበት ሰፈር አልጋ ዘርግቶልህ ሲያበቃ በበላኸው ሂሳብ የሚያመጣብህ ሰው አላየም።

በደረሱበት ቀን ጠዋት ባህሩ ፊት ለፊት፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። ሜኑውን ዘመናይ ቀድማ አየችና ቀስ ብላ ደፍታ አስቀመጠችው።

"እኔ እንኳ አልራበኝም" አለች።

ምንዳዬ አነሣው። ሁለት እንቁላል ሠላሳ አራት ዶላር። ዳቦው ለብቻው ነው። ዳቦው ላይ የሚቀባው ቅቤም ለብቻው ነው። አስተናጋጁን ጠራና እንቁላሉ ምን የተለየ ነገር እንዳለው በትህትና ጠየቀው። ልጁ ፈገግ ብሎ ዶሮዎቹ የማይዘጋባቸው፣ ሜዳ ላይ እንደ ልባቸው የሚዞሩ መሆናቸውን አስረዳው።

"ምን አለህ?" አለች ዘመናይ።

"ዶሮዎቹ ሲዞሩ ነው የሚውሉት ይላል።"

"የኛ አገር ዶሮ ምን ሲያደርግ ይውላል ብሎ ነው?"

ከተቀመጡ በኋላ ተነሥቶ መሄድ ነውር ስለሆነባቸው እንቁላሉን አዘዙ። ምንዳዬ ከመብላቱ በፊት ጸለየ። ሂሳቡ መጥቶ፣ በላዩ ላይ የአገልግሎት ተብሎ የተጨመረውን ሲያይ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ጸለየ። አስተናጋጁ እጁን አጣምሮ በአክብሮት ጠበቀው።

ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ምግብ ቤት ዝር አላሉም። ዘመናይ ከቤት ስትወጣ ለመንገድ ብላ ሻንጣው ውስጥ የከተተችው ድርቆሽና በርበሬ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ቡና ማፍያ ውሃ ያፈላል። የበረዶ መያዣው ባልዲ ደግሞ ክዳን አለው። ሃያ አምስት ዓመት በትዳር የቆዩት ሙሽሮች የሆቴሉ የበረዶ ባልዲ ውስጥ የድርቆሽ ፍርፍር ሠርተው፣ ሽታው ኮሪደር እንዳይወጣ በበሩ ሥር ነጭ ፎጣ ወትፈው፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ስትጠልቅ እያዩ በሉ። ታችኛው በረንዳ ላይ የነበሩ ሰዎች ደጋግመው ወደ ላይ ያሸቱ ነበር። ምንዳዬና ዘመናይ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንደዚያ ቀን ተሳስቀው አያውቁም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ግን ከአልጋው ነው። ያን ሌሊት ከመስፋቱ የተነሣ ምንዳዬ እግሩን ቢልክ፣ እጁን ቢልክ ሰው አጣ።

"ዘመናይ?"

"እዚህ ነኝ" አለች ከወዲያ ማዶ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠራት። መልስ የለም። ደነገጠና መብራት አበራ፤ ጠጋ ብሎም መዳፉን አፍንጫዋ ሥር ያዘ። ትተነፍሳለች። እንዲያውም ታንኮራፋለች፤ ቀጠን ያለች፣ የተረጋጋች ማንኮራፋት። ውጭ እውነተኛው ባህር ያጓራል፤ ዘመናይ ግን ቧንቧ ልዝጋ ብላ አልተነሣችም። ምንዳዬ ትራሱን ተደግፎ ተቀመጠና አያት። ግንባሯ ላይ ሁልጊዜ የምትታየው መስመር ጠፍታለች። ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ። ይህቺ ሴት ስትተኛ እንዲህ ናት ለካ፣ እኔ እስከ ዛሬ የት ነበርኩ አለ በልቡ።

ጠዋት ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመችና ወገቧን ያዝ አደረገች።

"የለም" አለች።

"ምኑ?"

"ወገቤ። ያለኝ አይመስለኝም።"

ምንዳዬ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው። የመጣው ይምጣ፣ ይህን አልጋ ይገዛላታል። ዘመናይ ገላዋን ስትታጠብ አንሶላውን ገላለጠ፤ የፈለገውን ሲያጣ በጀርባው ተንሸራቶ አልጋው ሥር ገባና በስልኩ መብራት የፍራሹን ምልክት ፎቶ አነሣ። ክፍል የምታጸዳው ሴትዮ በሩን ከፍታ ከአልጋ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ስታይ ምንም ሳትል መልሳ ዘጋችው። እንደዚህ ያለ ሆቴል የምትሠራ ሴት ብዙ ጉድ አይታ ይሆናል።

ዋጋውን ሆድ ይፍጀው። ለዘመናይ ግማሹን ብቻ ነገራት፤ በግማሹም ቢሆን ምሳ ሳትበላ ዋለች።

ፍራሹ በመኪና ተጭኖ ብሩክሊን ፓርክ የደረሰው በረዶው ጉልበት ድረስ በተቆለለበት ቅዳሜ ነው። ጎረቤቱ ኤዶሳ በረዶ መዛቂያውን ጥሎ ሊያግዝ መጣ። ኤዶሳ ከባድ ዕቃ ሲያነሣ ወሬ የሚበዛበት ሰው ነው።

"ኦቦ ምንዳዬ፣ ይሄ ፍራሽ ነው ወይስ ላም?" አለ ደረጃው መሃል ላይ ሲደርሱ። "ወዴት ነው የምናስገባት?"

"እንግዳ ክፍል!" አለ ምንዳዬ ከታች።

"እንግዳ ክፍል!" አለች ዘመናይ ከላይ፣ እኩል።

ልብ በሉ፤ ማንም አልተማከረም። በዚያ ቤት ጥሩ ነገር ሁሉ መንገዱን ያውቃል። ከነላስቲኩ ዚፑ ያልተከፈተ ብርድ ልብስ ለእንግዳ ነው። ለስላሳው ፎጣ ለእንግዳ ነው፤ ሆሳዕና በልጅነቷ ፊቷን ጠርጋበት ተቆጥተዋት ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ትዝ ይላታል። አፋቸው ወርቅ የተቀባ ስኒዎች ቁም ሳጥን ውስጥ እንግዳ ይጠብቃሉ፤ የቤቱ ሰው እጀታው በወለቀ ኩባያ ይጠጣል። ሳሎን ያለው ሶፋ ለእንግዳ ነው። የፊት በሩ እንኳ የእንግዳ ነው፤ ባለቤቶቹ በበጋም በክረምትም በጋራዥ ነው የሚገቡት። እንግዲህ በዕድሜያቸው ከገዙት ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው ፍራሽ ሌላ የት ሊገባ ነው?

ምንዳዬ ምን እንዳደረገ የገባው ሲተኛ ነው። አሮጌው አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ እንደ ልማዱ ወደ መሃል ተንከባልሎ፣ የሚስቱ ወገብ ላይ ሲያርፍ።

"ዘመናይ" አለ። "ያን አልጋ እኮ ለአንቺ ነው የገዛሁት።"

"አውቃለሁ፣ ተባረክ" አለች ጣሪያውን እያየች። "ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣብኝ አላፍርም።"

በማግሥቱ ላዛውረው ብሎ ተነሣ። ዘመናይ በሩ ላይ ቆመችበት። ለሆሳዕና ደውሎ አማላጅ አደረጋት፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት።

"ማም፣ ዋትስ ዘ ፖይንት? አንቺ ተኚበት!"

"ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ከሥሬ አንሶላ እየጎተትኩ ላስተኛው?"

"ሁ ኢዝ ኢቨን ካሚንግ? ማን ይመጣል?"

"ይመጣል" አለች ዘመናይ።

መጣ። ወንጌላዊ ጌዲዮን ከዳላስ ለቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ መጡና ምንዳዬ ቤት አረፉ። ሰውየው ስድሳን የተሻገሩ፣ ከየቤቱ አልጋ ጋር በየከተማው ሲታገሉ የኖሩ አገልጋይ ናቸው። ባደሩ ማግሥት ለገዛ ስብከታቸው አረፈዱ። ዘማሪዎቹ አንዱን መዝሙር አራት ጊዜ ዘምረው ድምፃቸው ሊዘጋ ሲል ወንጌላዊው ፊታቸው አብርቶ ደረሱና መድረኩን ያዙ።

"ወገኖቼ፣ ስብከቱ ይቆየንና አንድ ምስክርነት አለኝ" አሉ። "የስንት ዓመት የወገብ ሕመም ነበረብኝ። ዛሬ ብሩክሊን ፓርክ፣ ወንድም ምንዳዬ ቤት፣ አንድ አልጋ ላይ ትቼው መጥቻለሁ።"

ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ። ዘመናይ ከደስታዋ ብዛት እንባዋን ጠረገች። ምንዳዬ ደግሞ አንገቱን ዞር አድርጎ የጉባኤውን ፊት አየ፤ የሚመጣው ነገር ከወዲሁ ታየው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ከተማው የሚመጣ አገልጋይ ሁሉ አድራሻው ምንዳዬ ቤት ሆነ። አንድ ዘማሪ ከሲያትል መጣ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከዴንቨር መጡ፤ ለአንድ ቀን ብለው ሰነበቱ። የማያውቋቸው አዲስ ተጋቢዎች ፓስተሩ ልኮን ነው ብለው መጡ። እዚያው ሁለት መንገድ ተሻግረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ሳይቀሩ አንድ ምሽት ለሻይ መጥተው "ይሄ በረዶ እኮ መንገድ አያስኬድም" አሉና አደሩ። ምንዳዬ በመስኮት ቤታቸው ይታየዋል። በረንዳቸው ላይ መብራት ሳያጠፉ ነው የመጡት።

አልጋው ሰው ስለሚያስረፍድ ቁርሱም የዋዛ አይደለም። የተኛ ሰው ተርቦ ነው የሚነሣው። ዘመናይ ከሥራዋ በፊት ተነሥታ ጨጨብሳውን ታገላብጣለች፤ እንቁላሉን ትጠብሳለች፤ ፍርፍሩን ከድና ትሄዳለች። ምንዳዬ ሳይፈልግ አንድ መጥፎ አመል ያዘው፤ እንግዳው የበላውን እንቁላል በፔሊካን ሾር ዋጋ በልቡ ያሰላል። ዘማሪው ብቻ አንድ ቁርስ ላይ የፍሎሪዳ የአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን እንቁላል በላ። የሆቴሉ ሰዎች ሞኞች እንዳልሆኑ ምንዳዬ ያን ጊዜ ገባው። ጥሩ አልጋ ያለው ሰው እንቁላሉን ካላስወደደ እንግዳው መቼም አይሄድለትም።

"ቁርሱን ዳቦና ሻይ ብናደርገውስ?" አላት አንድ ቀን።

ዘመናይ እንቁላል መስበሯን አቁማ ቀና አለች። እንዲያው አየችው ብቻ። ምንዳዬም ሁለተኛ አላነሣውም።

እሱን ያንገበገበው ግን እንቁላሉ አልነበረም። ዘመናይ ከፊቱም ያነሰ ትተኛ ጀመር። በፊት እንግዳ ቢመጣስ ብላ ነበር የማትተኛው፤ አሁን እንግዳው መጥቷል። ብርድ ልብስ አነሰው ይሆን? ውሃ ሳላስቀምጥለት ቀረሁ ይሆን? በግድግዳው ማዶ የዴንቨሩ ሽማግሌ ያንኮራፋሉ፤ በግድግዳው ወዲህ ዘመናይ ጣሪያ ታያለች። ያ ፍራሽ ከዚያ ቤት ሰው ያላስተኛው ቢኖር የተገዛላትን ሴት ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ምንዳዬ ፎርክሊፍት ላይ እያለ ከዘመናይ መሥሪያ ቤት ተደወለለት። መጥተህ ውሰዳት አሉት። ምን ሆነች ቢል በስልክ አንነግርህም አሉት። ከኤደን ፕሬሪ ሴንት ፖል ድረስ አንዴም ሳይቆም ነዳ።

የሆነው ይህ ነው። ዘመናይ ዶሪስ የሚባሉ የዘጠና ዓመት አሮጊት ክፍል ገብታ አሮጊቷን ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አልጋቸውን አነጠፈች፤ አንሶላውን በመዳፏ አስተካከለች። ትንሽ ቁጭ አለችበት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም። ዶሪስ ከወንበራቸው ሆነው በምርኩዛቸው ብርድ ልብስ ስበው አለበሷትና፣ ሰው በገባ ቁጥር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እሽሽ እያሉ ሲጠብቋት ቆዩ። አለቃዋ ስትደርስባት እንኳ አሮጊቷ አላስነካ አሉ።

"ይህቺ ልጅ ቫኬሽን ያስፈልጋታል" አሉት ምንዳዬን ሲያዩ።

"ሄደን መጣን እኮ" አለ ምንዳዬ።

አለቃዋ መልካም ሴት ነበረች፤ ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው። ሁለተኛ ከተደገመ ሥራሽ አይኖርም ብላታለች። መኪና ውስጥ ዘመናይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ምንዳዬ ስታለቅስም ብዙ አይቷት አያውቅም።

"ዛሬ እዚያ አልጋ ላይ ትተኛለሽ" አላት።

"ወንጌላዊ ጌዲዮን ዛሬ ማታ ይገባሉ። አንሶላ መቀየር አለብኝ።"

"ይቅሩ። ሌላ ቤት ይደሩ።"

"ምን ብለን? ሰው ምን ይላል? ባለቤቶቹ አልጋው ላይ ተጋድመው እንግዳ መለሱ እንዲሉን ነው?" አፍንጫዋን ጠረገች። "የእንግዳ አልጋ ላይ የሚተኛው እንግዳ ነው። አለቀ።"

ምንዳዬ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። ዘመናይ የተናደደ መሰላት። እሱ ግን የተናገረችውን እያላመጠ ነበር የሚነዳው።

ቤታቸው ሲደርሱ ጋራዡን አልከፈተም። መኪናውን ደጅ አቆመና ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ የፍሎሪዳውን ሻንጣ አወጣ፤ ከተመለሱ ጀምሮ እዚያው ነበር፣ የአውሮፕላኑ ወረቀት እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የዘመናይን እጅ ይዞ የፊት በሩ ጋ አቆማትና ሻንጣውን እግሯ አጠገብ አስቀመጠ።

"ምን ነካህ? በጋራዥ እንግባ፣ በረዶ ነው።"

"እንግዳ በጋራዥ አይገባም።"

"የምን እንግዳ?"

ምንዳዬ ዞሮ በጋራዥ ገባና ከውስጥ ዘጋው። ኮሪደሩ ላይ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆመ።

"ምንዳዬ፣ ሰው ያየናል!" አለች ከውጭ።

ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ። ጫማዋ በረዶው ላይ ሲንኮሻኮሽ ተሰማው፤ ኮቴዋ ወደ ጋራዡ በኩል ሄደ፤ ቆመ። ምንዳዬ አሰበ። አሁን ጋራዡን ብትደበድብ መክፈቱ አይቀርም፤ ከከፈተ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ያበቃል፤ ዘመናይ ገብታ አንሶላ ትቀይራለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሥራዋን እስክታጣ ድረስ ጣሪያ ስታይ ታድራለች። ኮቴው ቀስ ብሎ ተመለሰ። 

ከዚያ የፊት በሩ ተደወለ።

ምንዳዬ ከፈተ። "እንዴ! ግቢ፣ ግቢ! እንኳን ጌታ በሰላም አመጣሽ። መንገድ እንዴት ነበር?"

ዘመናይ አየችው። እጇን ሻንጣው ላይ እንዳደረገች፣ ፊቷ በብርድ ቀልቶ፣ ልትቆጣው ይሁን ልትስቅበት አልለየላትም።

"ደህና ነበር" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። "ላስቸግራችሁ ነው መሰለኝ።"

"ኧረ ምን ማስቸገር! ስጪኝ ካፖርትሽን። ጫማሽን አታውልቂ።"

"ኧረ ግድ የለም፣ ላውልቅ።"

"አታውልቂ ስልሽ!"

ሶፋው ላይ አስቀመጣት። ቤቷ ውስጥ ያለውን ሶፋ ዘመናይ ስታጸዳው እንጂ ስትቀመጥበት የመጀመሪያዋ ነው። በወርቅ አፍ ስኒ ሻይ ሰጣትና ወጥ ቤት ገባ። መጥበሻ ሲንኳኳ፣ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማት፤ ልትነሣ ብድግ አለች፣ መልሳ ተቀመጠች። እንግዳ ወጥ ቤት አይገባም። እንቁላሉ ባንድ በኩል አሮ፣ ባንድ በኩል ጥሬ ሆኖ መጣ።

"እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት" አለች።

"በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሺ።"

"ጠግቤያለሁ።"

"በሞቴ አልኩሽ እኮ።"

እስኪያልቅ በላችው። "እንቁላሉ ስንት ነው?" አለችው ሳህኑን እየመለሰች።

"እዚህ ቤት አልጋ ሰጥተን እንቁላል አናስከፍልም" አላት። ሁለቱም ሊስቁ ሲሉ የዘመናይ ዓይን እንባ ሞላ፤ ምንዳዬም ሳህኑን ይዞ ቶሎ ዞረ።

የእንግዳውን ክፍል ከፈተላት። የአዲሱን ብርድ ልብስ ዚፕ ከፈተ፤ ላስቲኩ እንደ አዲስ መኪና ሸተተ። ለስላሳውን ፎጣ አልጋው ጫፍ ላይ አጥፎ አስቀመጠ። ዘመናይ ሰው ቤት እንደመጣች ሁሉ መጀመሪያ በዳሩ ተጋደመች። ውሃ ላምጣልሽ ወይ ብሎ ሲዞር መልስ አላገኘም። ያቺ ቀጠን ያለች ማንኮራፋት ተሰማችው። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ገና ሳይመሽ ወንጌላዊ ጌዲዮን ሻንጣቸውን ይዘው ደረሱ፤ ፈገግታቸው አልጋውን አልጋውን ይላል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወንጌላዊ" አለ ምንዳዬ በሩ ላይ። "እንግዳ አለብን።"

"እንግዳ?"

"ከሴንት ፖል ነው የመጣችው። በጣም ደክሟታል።" አንዱንም አልዋሸም።

ወንጌላዊው ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዳማ ይቀድማል፣ ወንድም ምንዳዬ። እኔ የቤት ሰው ነኝ" አሉና በእግር ጣታቸው ገቡ።

የቤት ሰው ስለሆኑ የቤት ሰው አልጋ ተሰጣቸው፤ ምንዳዬ ሳሎን ወለል ላይ አነጠፈ። ጠዋት ወደ ጠረጴዛው ሲመጡ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ነበር። ምንዳዬ ያረረ እንቁላል አቀረበላቸው። ግድግዳው ማዶ አሁንም ያ ድምፅ ይሰማል።

"እህት ዘመናይ የለችም?"

"ከእንግዳዋ አልተለየችም።"

"ጌታ ይባርካት፣ እንግዳ መቀበል ያውቅባታል" አሉ ወንጌላዊው እያላመጡ። ትንሽ አዳመጡ። "እንግዳዋ ግን ታንኮራፋለች።"

"አዎ" አለ ምንዳዬ። ኩራቱን መደበቅ አቃተው።

ፀሐይ በረዶው ላይ ከፍ ካለች በኋላ በሩ ተከፈተና ዘመናይ ወጣች። ፀጉሯ ባንድ በኩል ተጣብቋል፤ ጉንጯ ላይ የትራሱ ምልክት አለ፤ ግንባሯ ላይ ግን ያቺ መስመር የለችም። ወንጌላዊውን ስታይ ደንግጣ ቆመች። ወንጌላዊው እሷን አዩ፤ የተከፈተውን የእንግዳ ክፍል አዩ፤ እንቁላላቸውን አዩ። ስብከት የሚያውቁ ሰው ዝም ማለትም ያውቁ ነበር። ወገባቸውን እየደገፉ ብድግ አሉና ወንበር ሳቡላት።

"ተቀመጪ፣ እህቴ። እንዴት አደርሽ?"

"ተኛሁ" አለች ዘመናይ፤ እንደሚያፍር ሰው።

እንግዳ መቼ ትሄጃለሽ ተብሎ አይጠየቅም። ምንዳዬም አልጠየቃትም፤ ዘመናይም አላነሣችውም። ሰው ሲደውል ይቅርታ እንግዳ አለብን ይባላል፤ በዚያ ማኅበረሰብ ይህን ሰምቶ የሚቀየም የለም። ምንዳዬ አሮጌው አልጋ ላይ ብቻውን መሃሉ ድረስ እየተንከባለለ ጥቂት ቀን ታገሰ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ደጅ አቆመ፤ ጠዋት መኪናው ላይ የጫነውን ሻንጣ ይዞ በረዶውን እየረገጠ ዞረና የፊት በሩን ደወለ።

ዘመናይ ከፈተች። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

"ግባ፣ አልጋ አለ" አለችው። "እንቁላሉ ግን ሠላሳ አራት ዶላር ነው።"